ጃይሳልመርን በአንድ ቀን? ተዉት

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ እኔና ጓደኛዬ ኒው ዴልሂ ነው የምንማረው። ጥር ላይ በራጃስታን በረሃ ያለችው ከተማ ጃይሳልመር ሄደን 3 ቀን ልንቆይ አስበናል። አንድ አስጎብኚ «ከተማውንም ዙሪያውንም በአንድ ቀን ጨርሳችሁ ማታ አሸዋው ላይ ታድራላችሁ» አለን። ያዋጣል? የከተማው ጥንታዊ ምሽግ በሆነው አምባ ውስጥ ካሉት ሆቴሎች ብናድርስ?

መልስ፦ ይቻላል፣ ግን ከመኪና ስትወርዱና ስትሳፈሩ ነው የምትውሉት። 3 ቀን እያላችሁ ምን አስቸኮላችሁ?

የመጀመሪያውን ቀን ለአምባው ስጡት፤ መኪና አያስፈልጋችሁም። የራጅፑት (የሰሜን ህንድ ጦረኛ ወገን) ገዥው ራዋል ጃይሳል እ.ኤ.አ. በ1156 የቆረቆረው ነው። ሰዉ ሶናር ኪላ፣ የወርቅ አምባ ይለዋል፤ ቢጫው ድንጋይ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ምን እንደሚመስል ስታዩት ስሙ ይገባችኋል። ደግሞ ሙዚየም አይደለም። በሺዎች የሚቆጠር ሰው ይኖርበታል፤ ልብስ ይሰጣበታል፣ ላም መሀል መንገድ ላይ ቆማ አላሳልፍም ትላለች። የጄይን (የህንድ ጥንታዊ ሃይማኖት) ቤተ መቅደሶቹን እዚያው ታገኛላችሁ፤ ቀበቶም ቦርሳም ቆዳ ከሆነ ይዞ መግባት ስለማይቻል ሆቴል ተዉት። ከዚያ ወርዳችሁ የነጋዴዎቹን 5 ቤቶች፣ ፓትዎን ኪ ሀቬሊን እዩ። ድንጋዩ እንደ ጥልፍ ነው የተፈለፈለው።

አምባው ውስጥ ማደሩን ግን አልመክርም። በ12ኛው ክፍለ ዘመን ሲሠራ የቧንቧ ውሃና ሻወር ይገባበታል ብሎ ያሰበ የለም፤ አሁን ከሆቴሉና ከመኖሪያ ቤቱ የሚፈሰው ውሃ መሠረቱ ውስጥ እየሰረገ ግንቡን ያዳክመዋል። ከታች እደሩና አምባውን ከሰገነት ላይ ሆናችሁ እዩት። እንዲያውም እይታው ከታች ይበልጣል።

በሁለተኛው ቀን በጠዋት ባዳ ባግ ሂዱ። 6 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ባጃጅ ይበቃል። የገዥዎቹ መታሰቢያዎች ባለ ጉልላት ሆነው ተደርድረዋል፣ ከጀርባቸው ደግሞ ነጫጭ የንፋስ ኃይል ማመንጫዎች ይሽከረከራሉ፤ ፎቶ አንሺው ሁሉ ከፎቶው ሊያስወጣቸው ይታገላል፣ እኔ ግን ወድጄዋለሁ። ከዚያ ከጃይሳልመር በፊት ዋና ከተማ ወደነበረችው ሎዱርቫ ቀጥሉ።

ሦስተኛው ቀን ከሰዓት ወደ ምዕራብ ነው። ኩልዳራና የሳም አሸዋ በአንድ አቅጣጫ ስለሆኑ አብረው ይሄዳሉ። ኩልዳራ የፓሊዋል ብራህሚኖች (የሂንዱ ካህናት ወገን) ጥለውት የሄዱት መንደር ነው። ሹፌሩ «ክፉ ሚኒስትር የመንደሩን አለቃ ልጅ ቢመኛት ሁሉም በአንድ ሌሊት ረግመው ወጡ» ብሎ ያወራችኋል። ደስ የሚል ወሬ ነው፤ አጥኚዎች ግን የውሃ እጥረትንና ከባድ ግብርን ነው የሚጠቅሱት። ጣሪያ በሌላቸው ክፍሎች መሀል ስትሄዱ የምትሰሙት የራሳችሁን ኮቴ ብቻ ነው። ሳም ከከተማው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ጀምበር ከመጥለቋ ከአንድ ሰዓት በፊት ድረሱ። ጂፑም ሙዚቃውም ግርግር ነው፣ ፀጥታ ከፈለጋችሁ በሳም ፈንታ ኩሪ የሚባለውን ሌላ አሸዋ ምረጡ። ጃኬት ያዙ። በረሃ ነው ብላችሁ እንዳትሸወዱ፣ የጥር ሌሊት ይበርዳል።

አስጎብኚው የታኖትን ቤተ መቅደስ ልጨምርላችሁ ካለ እንቢ በሉ። 120 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፣ የፓኪስታን ድንበር አጠገብ ስለሆነም ለውጭ ዜጋ የፈቃድ ጣጣ አለው።

ጥያቄ፦ ግመል እፈራለሁ፤ ካልወጣሁ ምን ይቀርብኛል?

መልስ፦ ብዙም አይቀርብሽም፣ አሸዋው ላይ በእግርም ይወጣል። ከወጣሽ ግን ይህን ያዢ፦ ግመል ሲነሣ መጀመሪያ የሚያቆመው የኋላ እግሩን ነው። ወደ ኋላ ለጠጥ ብለሽ ኮርቻውን በሁለት እጅሽ ካልጨበጥሽ ወደ ፊት ይወረውርሻል። እኔ በመጀመሪያው ቀን ስልክ በእጄ ይዤ ቪዲዮ ልቀርፅ ስል አፍንጫዬ አንገቱ ላይ አረፈ። ሲንበረከክም እንደዚያው ነው፤ ባለቤቱ «ቁጭ» ሲለው ስልክሽን ኪስሽ ክተቺ።