ከመቶኛው ሥር ያለውን ቁጥር ጠይቁ፦ ዕቅድ ለሚያዘጋጁ ወጣት የጤና ባለሙያዎች

ውድ ወጣት የሙያ ባልደረቦቼ፣

በየዓመቱ ከሚያዝያ ጀምሮ የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤቶች በመጪው በጀት ዓመት ዕቅድ ይጠመዳሉ። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣችሁ ብዙም ሳትቆዩ የዕቅድ ባለሙያ ተብላችሁ የተመደባችሁትም የመጀመሪያ ሥራችሁ ከላይ የወረደላችሁን ቅጽ መሙላት ይሆናል። የሥራ ዘመኔን አብዛኛውን ከዚህ ቅጽ ጋር ስላሳለፍኩ አልንቀውም። ይሁን እንጂ ቅጹ የሚጠይቃችሁ መቶኛ ነው፤ መቶኛው ከስንት ሰው እንደተሰላ፣ ያንን ሰው ማን፣ መቼ እንደቆጠረው አይጠይቃችሁም። የምመክራችሁ ማንም ሳይጠይቃችሁ ራሳችሁ ይህን እንድትጠይቁ ነው።

የመጀመሪያ ደረጃ የጤና አገልግሎት ሲነሳ ሁልጊዜ የሚጠቀሰው በሶቪየት ኅብረት የተካሄደው ዓለም አቀፉ የአልማ አታ የጤና ጉባኤ ነው። በእኛ አቆጣጠር ጉባኤው ጳጉሜን 1 ቀን 1970 ዓ.ም. ተጀምሮ መስከረም 2 ቀን 1971 ዓ.ም. ስለተጠናቀቀ፣ «ጤና ለሁሉም» የሚለው መግለጫ የጸደቀው በዕንቁጣጣሽ ማግስት ነው፤ እንደ ብዙዎቹ የአዲስ ዓመት ስእለቶችም ገና ያልተፈጸመ አለው። ሐሳቡ ግን ለአገራችን እንግዳ አልነበረም። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒቴሪያን (የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያ) በአንድነት እያሠለጠነ በቡድን ወደ ጤና ጣቢያ ያሰማራ ነበር። በሽታን ከመድኃኒት ይልቅ በንጹሕ ውኃና በመጸዳጃ ቤት መከላከል እንደሚቀድም እነዚያ ሰዎች ከአልማ አታ በፊት ያውቁ ነበር። የ1986 ዓ.ም. የጤና ፖሊሲ መከላከልንና ያልተማከለ አስተዳደርን መሠረት አድርጎ ሲወጣ፣ በ1990 ዓ.ም. ደግሞ የመጀመሪያው የጤና ዘርፍ ልማት ፕሮግራም ሲጀመር፣ ወረቀት ላይ የሰፈረው ሐሳብ ለብዙዎቻችን አዲስ አልሆነብንም። አዲስ የሆነብን ከዚያ በኋላ በአማራጮች መካከል የተደረገው ምርጫ ነው።

በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሲታቀድ ብዙ አማራጮች ነበሩ። ሐኪምና ሆስፒታል ማብዛት ይቻል ነበር፤ ደመወዝ የሌላቸውን በጎ ፈቃደኞች እንደገና ማሠልጠንም ይቻል ነበር፣ ይህ ግን ቀደም ባለው ሥርዓት ተሞክሮ ብዙዎቹ ሥራውን ትተው ወደ እርሻቸው እንደተመለሱ እናውቃለን። የተመረጠው በየቀበሌው፣ ለ5,000 ያህል ሰው፣ አሥረኛ ክፍል ያጠናቀቁ፣ ለአንድ ዓመት የሠለጠኑና የመንግሥት ደመወዝ የሚከፈላቸው ሁለት ሴቶችን መመደብ ነበር። ሥራቸው በ16 ፓኬጆች ተዘርዝሮ ተሰጣቸው። ውሳኔው ተቺ አላጣም፤ የሕክምና ባለሙያዎች ሳይቀሩ አሥረኛ ክፍል የጨረሰች ልጅ ምን ታውቃለች ብለው ነበር። ከሠላሳ ሺህ በላይ ሴቶች በአገሪቱ ሲሰማሩና በ2003 ዓ.ም. የሕፃናትን የሳንባ ምች በጤና ኬላ እንዲያክሙ ሲፈቀድላቸው ግን ተቺው ድምፁን ዝቅ አደረገ። በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከአምስት ዓመት በታች የሚሞቱ ሕፃናት በ1992 ዓ.ም. ከ1,000 ሕያው ልደት 166 የነበሩት በ2011 ዓ.ም. 59 ሆነዋል። ለዚህ ክትባቱ፣ አጎበሩ፣ መንገዱና የእናቶች ትምህርትም ድርሻ አላቸው፤ የእነዚያን ሴቶች ድርሻ ግን ማንም ሊቀንሰው አይችልም።

ይህን ያነሳሁት ዕቅድ ማለት መምረጥ እንደሆነ ለማሳየት ነው። ዛሬ የምታዘጋጇቸው ዕቅዶች ሁሉንም ነገር «ቅድሚያ የሚሰጠው» ይላሉ፤ ሁሉም ቅድሚያ ካገኘ ደግሞ አንዱም አላገኘም። ከላይ የሚመጣው አዲስ ፕሮግራም ሁሉ፣ ስሙ ምንም ይሁን ምን፣ መጨረሻው ያው ሁለት ሴቶች ጫንቃ ላይ ነው። አንድ ነገር በጨመራችሁ ቁጥር የሚቀነሰው ምን እንደሆነ በዕቅዱ ውስጥ ጻፉ። ይህ ልማድ አለቆችን እንደማያስደስት አልሸሽግም።

ወደ ቁጥሩ ልመለስ። አገራችን ሕዝቧን ለመጨረሻ ጊዜ የቆጠረችው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ ወደ 74 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ተቆጠረ። አራተኛው ቆጠራ ተደጋግሞ ስለተራዘመ፣ እናንተ ዛሬ የምትይዙት የወረዳ ሕዝብ ቁጥር ከዚያ ቆጠራ ተነስቶ በግምት ያደገ ነው። ከዚያ ግምት ላይ ደግሞ ይህን ያህሉ እርጉዝ ነው፣ ይህን ያህሉ ዓመት ያልሞላው ሕፃን ነው በሚል ማስያ እየተባዛ፣ ለእያንዳንዱ ጤና ኬላ «ዘንድሮ ይህን ያህል ሕፃን ትከትባላችሁ» የሚል ዒላማ ይወርዳል። መቶኛው የሚሰላው ከዚህ ቁጥር ነው፤ በቢሮ ቋንቋችን ዲኖሚኔተር እንለዋለን። ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ ግን ከተማ ዙሪያ ያለው ቀበሌ በእጥፍ አድጎ ይሆናል፤ ደጋው ቀበሌ ወጣቱ ተሰዶበት ሳስቶ ይሆናል፤ በመተማና በሁመራ ቆላ ለሰሊጥ አጨዳ የሚመጣው ሠራተኛ በማንም ዒላማ ውስጥ የለም፤ በግጭት ተፈናቅሎ በትምህርት ቤት የተጠለለው ቤተሰብ ደግሞ በአንዱ ወረዳ ተቆጥሮ በሌላው ይታመማል።

ዲኖሚኔተሩ ከእውነተኛው ሲያንስ የክትባት ሽፋኑ ከመቶ በመቶ በላይ ይሆናል፤ ወረዳው ይሸለማል፣ ያልተከተበው ሕፃን ግን ከወረቀቱ ይጠፋል። ሲበዛ ደግሞ ሌት ተቀን የሠራች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሰነፍ ተብላ ትገመገማለች። ጉዳቱ በዚህ አያበቃም፤ ክትባቱም፣ የወባ መድኃኒቱም፣ አልሚ ምግቡም የሚላከው በዚሁ ቁጥር ስለሆነ፣ አንዱ ጤና ጣቢያ ውስጥ መድኃኒት ሲያልቅ በጎረቤቱ መጋዘን ጊዜው ያልፍበታል። በ2008 ዓ.ም. የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አምስት በሽታዎችን የሚከላከለውን የፔንታ ክትባት ለሦስተኛ ጊዜ ያገኙት ሕፃናት 53 በመቶ እንደሆኑ ሲያሳይ፣ በዚያው ወቅት ከየወረዳው ተሰብስቦ የቀረበው ሪፖርት ከ90 በመቶ በላይ ነበር። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት በሐሰት ሪፖርት ብቻ የሚያስረዱ ሰዎች አሉ። ሐሰትም አይጠፋም፤ ከዲኖሚኔተሩና ከመዝገብ አያያዙ የሚመጣው ግን ቀላል አይደለም። ሰውን ከመውቀሳችሁ በፊት ስሌቱን መርምሩ።

መፍትሔው ከእናንተ ሩቅ አይደለም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቤቱ እየዞሩ የሚሞሉት የቤተሰብ ማኅደር አለ፤ በየጎጡ ስንት አባወራ፣ ስንት እርጉዝ፣ ስንት ሕፃን እንዳለ በስም ይዟል። በየወረዳው በተለያየ ይዞታ ላይ ነው፤ አንዳንዱ ጤና ኬላ ውስጥ በፊደል ተራ ተደርድሮ ታገኙታላችሁ፣ ሌላው ዘንድ አይጥ በልቶት። ያም ሆኖ ማኅደሩን ከግምቱ ጎን አስቀምጡት። ሁለቱ ተቀራራቢ ሲሆኑ በልበ ሙሉነት አቅዱ፤ ሲራራቁ ወደ ቀበሌው ሂዱ።

ወደ ቀበሌ ስትሄዱ ደግሞ ዒላማውን ብቻ ሳይሆን አሠራሩን ተመልከቱ። የኩፍኝ ክትባት ብልቃጥ ለአሥር ሕፃናት የሚበቃ ነው፤ ከተበጠበጠ በኋላ በስድስት ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ይጣላል። ስለዚህ ሠራተኛዋ ሦስት ሕፃናት ብቻ ከመጡ ብልቃጡን ለመክፈት ትሳሳለች፣ ብክነት ከበዛ ትጠየቃለችና፤ እናቶቹን «በሚቀጥለው ወር የክትባት ቀን ተመለሱ» ትላቸዋለች። ሁለት ሰዓት በእግር የመጣች እናት ግን ሁልጊዜ አትመለስም። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ለአንድ ሕፃንም ቢሆን ብልቃጡ እንዲከፈት ነው። እናንተ በዕቅዳችሁ የብክነት መጠኑን አጥብባችሁ ይዛችሁ ሽፋኑን ከፍ አድርጋችሁ ስትጠይቁ፣ ለሠራተኛዋ የሚጋጩ ሁለት ትእዛዞች እንደሰጣችኋት አታስተውሉም። ይህ በየትኛውም የሪፖርት ሠንጠረዥ ላይ አይታይም፤ በክትባት ቀን ጤና ኬላ ደጃፍ ላይ ቁጭ ያለ ሰው ግን ያየዋል።

በጤና ተቋም መውለድም ትምህርት ሊሆናችሁ ይገባል። በ1992 ዓ.ም. በተቋም የወለዱ እናቶች 5 በመቶ ነበሩ፤ በ1997 ዓ.ም.ም ያው 5 በመቶ፤ በ2003 ዓ.ም. 10 በመቶ ብቻ። በእነዚያ ዓመታት ጤና ኬላ በሺዎች ተሠርቷል፤ እናቶቹ ግን ቤታቸው መውለድን መረጡ። እኛ ዕቅድ አውጪዎች ርቀቱን በኪሎ ሜትር እየለካን ስንጨነቅ፣ እነርሱ የሚያወሩት ስለ ሌላ ነገር ነበር፦ ወንድ አዋላጅ ይነካኛል፣ ብርድ ልብስ የለም፣ ዘመድ አያስገቡም፣ ገንፎ የሚያበላኝ የለም። ከዚያ በኋላ አምቡላንስ በየወረዳው ሲመደብ፣ በየጤና ጣቢያው የእናቶች ማቆያ ቤት ሲሠራ፣ ኅብረተሰቡም እህል እያዋጣ እዚያው ገንፎ ሲገነፋ ቁጥሩ በ2008 ዓ.ም. 26፣ በ2011 ዓ.ም. 48 በመቶ ደረሰ። ገንፎው ብቻውን አመጣው አልልም። ነገር ግን በየትኛውም የዕቅድ ቅጽ ላይ «ገንፎ» የሚል ረድፍ እንደሌለ አስታውሱ፤ ስለዚህ ዕቅድ ከመጻፋችሁ በፊት በተቋም ያልወለዱትን እናቶች አነጋግሩ። የወለዱትን ማነጋገር ቀላል ነው፤ የምንሰማውም ምስጋና ብቻ ይሆናል።

ስለ ገንዘብ ባጭሩ ልበል። የወረዳ የጤና በጀት አብዛኛው ደመወዝ ነው፤ ለሥራ ማስኬጃ የሚተርፈው ትንሽ ስለሆነ፣ ሠራተኛ ያለው ግን ነዳጅና የክትትል አበል የሌለው ዕቅድ ታወጣላችሁ። ጤና ጣቢያዎች ከአገልግሎት ክፍያ የሚሰበስቡትን የውስጥ ገቢያቸውን እንዲጠቀሙ የተፈቀደላቸው ይህን ክፍተት እንዲሞሉ ነው፤ በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች የተሞከረው የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድንም ገቢውን አጠናክሮታል። የጤና ጣቢያውን ቦርድ ቃለ ጉባኤ አንብቡ። ገንዘቡ በትክክል የት እንደሚሄድ ከዚያ የበለጠ የሚነግራችሁ ሰነድ አላገኘሁም።

በመጨረሻ የሚቀረው አስቸጋሪው ነገር፣ ያገኛችሁትን ቁጥር ማቅረብ ነው። ማኅደሩ ከግምቱ በላይ ሕፃናት እንዳሉ ካሳያችሁ ሽፋናችሁ በአንድ ዓመት ውስጥ ያሽቆለቁላል፤ በሩብ ዓመቱ ግምገማም ከጎረቤት ወረዳ በታች ትቀመጣላችሁ። ኃላፊያችሁ አምናና ዘንድሮን አወዳድሮ «ምን ሆናችሁ?» ማለቱ አይቀርም። ለዚህ አስቀድማችሁ ተዘጋጁ። የአምናውን አፈጻጸም በሁለቱም ዲኖሚኔተሮች አስልታችሁ በአንድ ሠንጠረዥ አቅርቡ፤ የተከተቡት ሕፃናት ቁጥር እንዳልቀነሰ፣ የተለወጠው ከሥር ያለው ቁጥር ብቻ እንደሆነ ይታይ። ልዩነቱ የበዛባቸውን ሦስት ወይም አራት ቀበሌዎች በስም ጥቀሱ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻቸውንም ወደ ስብሰባው አምጡና ራሳቸው ያስረዱ። የክልል ጤና ቢሮ ቁጥሩን ካልተቀበለ፣ ዒላማውን በተላከው ግምት ይዛችሁ የማኅደሩን ቆጠራ በአባሪ አያይዙ፤ የክትባትና የመድኃኒት ጥያቄያችሁን ግን በማኅደሩ ቁጥር ላኩ።