ክብደት ለመቀነስ ብረት ወይስ ካርዲዮ (ሩጫና የመሳሰለው)? ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ኮች፣ ለመክሳት የቱ ይሻላል? ብረት ወይስ ሩጫ?

መልስ፦ ኪሎ የሚቀንሰው ከምታቃጥለው በታች ስትበላ ነው፤ ይህን በዋናነት የሚወስነው ምግብህ ነው። በቀን ከ300 እስከ 500 ካሎሪ መቀነስ ይበቃል። የስፖርቱ ምርጫ የሚወስነው ከሚወርደው ኪሎ ስንቱ ስብ፣ ስንቱ ጡንቻ እንደሚሆን ነው። ምግብ ቀንሶ ሩጫ ብቻ የያዘ ሰው ከስቡ ጋር ጡንቻውንም ይጥላል፤ ካሎሪ ሲያጥር ሰውነት የማይሠራበትን ጡንቻ አያቆይም። አንዱን ብቻ ምረጥ ካልከኝ ብረቱን ያዝ፣ በእግርህም ብዙ ተንቀሳቀስ።

ጥያቄ፦ ያለኝ ጊዜ በሳምንት 3 ቀን ነው። ምን ልሥራ?

መልስ፦ እንዲህ ተብሎ ሲጠየቅ መልስ መስጠትም ደስ ይላል። 3ቱንም ቀን ሙሉ ሰውነት ሥራ፣ በመሃል አንድ ቀን እረፍ። በእያንዳንዱ የስፖርት ቀን ስኳት (ቁጭ ብድግ)፣ ሮማኒያን ዴድሊፍት (ብረት ይዞ ከዳሌ ዝቅ ብሎ መነሳት)፣ አንድ የሚገፋ (ቤንች ፕሬስ፣ ማለትም ተኝቶ ብረት ወደ ላይ መግፋት፣ ወይም ፑሽ አፕ) እና አንድ የሚጎተት (ሮው፣ ማለትም ብረት ወደ ሆድ መሳብ፣ ወይም ላት ፑልዳውን፣ ማለትም ከላይ ወደ ደረት መሳብ)። እያንዳንዱን 3 ሴት (ዙር)፣ ከ8 እስከ 12 ጊዜ፤ በሴቶቹ መሃል 2 ደቂቃ እረፍት። ሴቱን ስትጨርስ ሌላ 2 ጊዜ ብቻ ማንሳት የምትችልበት ክብደት ይሁን። በ3ቱም ሴት 12 ከሞላህ 2.5 ኪሎ ጨምርና ከ8 ጀምር። የምታነሳውን ጻፍ፤ ካልጻፍክ መጨመርህን አታውቅም።

ሮማኒያን ዴድሊፍት ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ጉልበትህን ትንሽ አላላ፣ ዳሌህን ወደ ኋላ ግፋ፣ ብረቱ ታፋህን እየነካ ይውረድ። የታፋህ ጀርባ ሲወጠር እዚያው አቁምና ተመለስ። ብረቱ ከእግርህ ከራቀ ሸክሙ ወገብህ ላይ ይወድቃል። መሬት ላስነካ ብለህ ከጎበጥክም እንደዚያው።

ደግሜ የማስጠነቅቀው፦ ምግብ ስትቀንሱ ክብደቱን አታቅልሉ! «ለቅርጽ ነው» እያሉ በቀላል ዳምቤል (በአንድ እጅ የሚያዝ ብረት) 30 እና 40 ጊዜ ማወዛወዝ ጊዜ ማባከን ነው። ከደከማችሁ ከ3 ሴት ወደ 2 ውረዱ፤ ኪሎው ግን ይቆይ። ጡንቻውን ያሳደገው ሸክም ነው የሚያቆየውም።

ጥያቄ፦ ቦርጭ ብቻ ለማጥፋትስ?

መልስ፦ ቦርጭን ለይቶ የሚያጠፋ ስፖርት የለም። ሲት አፕ የሆድ ጡንቻ ያጠነክራል፤ ከላዩ ያለው ስብ የሚሄደው ከመላው ሰውነት ጋር ነው።

አባል፦ ኮች ያልጠቀሰው አለ። ጡንቻ ካለህ ተኝተህም ብዙ ካሎሪ ታቃጥላለህ።

ሌላ አባል፦ ይህ በጣም ተጋኗል። 1 ኪሎ ጡንቻ በእረፍት በቀን 13 ካሎሪ ገደማ ነው የሚያቃጥለው። 3 ኪሎ ብትጨምር 40 አይሞላም። 70 ኪሎ ሰው 5 ኪሎ ሜትር ቢሮጥ ወደ 350 ያወጣል።

አባል፦ ሩጫው ረሃብ ሲያመጣ መልሰህ ትበላዋለህ!

ሌላ አባል፦ ሁሉም ሰው ላይ አይደርስም። ደግሞ ለልብና ለሳንባ ብረት ሩጫን አይተካም።

መልስ፦ የ13ቱ ቁጥር ልክ ነው፤ እኔም ብረት ሥሩ የምለው ለዚያ አይደለም። ካርዲዮም ተዉ አላልኩም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ በተጨማሪም ቢያንስ 2 ቀን ጡንቻ ማጠንከሪያ ነው። ወደ ጥያቄ እንመለስ።

ጥያቄ፦ ብረት ከጀመርኩ 2 ሳምንቴ ነው፣ ኪሎዬ ግን ጨመረ። ላቁም?

መልስ፦ እንዳታቆሚ እህቴ። ለብረት አዲስ የሆነ ጡንቻ ውኃ ይይዛል፤ በውስጡ የሚከማቸው ግላይኮጅን (ጡንቻ ለጉልበት የሚያስቀምጠው ስኳር) ለእያንዳንዱ ግራም 3 ግራም ያህል ውኃ ይዞ ይገባል። ጠዋት ከሽንት በኋላ፣ ሳትበዪ ተመዘኚ፤ የ7 ቀኑን አማካይ ካለፈው ሳምንት አማካይ ጋር አወዳድሪ። በሳምንት አንዴ ወገብሽን በእምብርት ትይዩ ለኪ። ሁለቱም 4 ሳምንት ካልተነቃነቁ ከምግብሽ 200 ካሎሪ ቀንሺ። የትሬድሚሉን (የሩጫ ማሽኑን) የካሎሪ ቁጥር አትመኚ፣ ብዙ ጊዜ አብዝቶ ነው የሚያሳየው።

ጥያቄ፦ ፕሮቲን ስንት?

መልስ፦ በኪሎ ከ1.6 እስከ 2.2 ግራም። 70 ኪሎ ለሆነ ከ112 እስከ 154 ግራም በቀን። ኩላሊት የሚያመው ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይጨምር።

ጥያቄ፦ ስብ የሚያቃጥል ክኒንስ?

መልስ፦ አልመክርም። ቀጥሎ።

ጥያቄ፦ እናቴ 61 ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷን ያማታል። ብረት ለእሷ ይሆናል?

መልስ፦ መጀመሪያ ጉልበታቸውን ሐኪም ይይላቸው። ከተፈቀደላቸው ከወንበር መነሳትና መቀመጥ፣ 3 ሴት በ8 በ8። ሲቀመጡ ዝም ብለው እንዳይወድቁ፣ 3 ሰከንድ ወስደው ይውረዱ። ከበዳቸው ወንበሩን በትራስ ከፍ አድርጊው። በዕድሜ ጡንቻ ስለሚቀንስ ከወጣቶቹ ይልቅ ለእሳቸው ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ ቦርጭ የሚያጠፋ እንቅስቃሴ ካለ ብትነግሩን?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ። እባካችሁ አንብባችሁ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ቶሎ ለመክሳት ምን ላድርግ?

መልስ፦ ዕድሜህን፣ ኪሎህን፣ ቁመትህን፣ በቀን የምትበላውንና አሁን የምትሠራውን ጻፍ። ያለዚያ የምመልስልህ የለኝም።

ጥያቄ፦ በአንድ ቀን ብረትና ካርዲዮ ሁለቱንም ብሠራ የቱ ይቅደም?

መልስ፦ ብረቱ። በደከመ እግር ስኳት ስትሠራ ክብደቱም ይቀንሳል፣ አቋምህም ይበላሻል። ከብረቱ በኋላ 20 ደቂቃ ሳይክል ወይም ፈጠን ያለ እርምጃ በቂ ነው።