ባንኮክ ለምትሄዱ ልጆቼ፦ አንድ ማታ ለባቡር ገበያው

ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት ሁለት ወጣቶች ጋራዤ ድረስ መጡ። ለንግድ ባንኮክ ሊሄዱ ነው። ልብስ ከፕራቱናም ገበያ፣ የስልክ ዕቃ ከኤም ቢ ኬ የገበያ ማዕከል ሊያመጡ። ያላቸው አምስት ቀን ብቻ ነው። «ጋሼ፣ እርስዎ አይተውታል፣ ምን ይመክሩናል?» አሉኝ። እጄ ግሪስ ስለነበር በአጭሩ መለስኩላቸው። ከሄዱ በኋላ ግን አላስችለኝ አለ። ለእነሱም፣ ከእኔ ዘንድ ሙያ ለምትማሩትም ይህን ጻፍኩ።

እኔ የሄድኩት ታናሽ ወንድሜን ለማሳከም ነበር። ቀን ሆስፒታል፣ ማታ ሆቴል። አንድ ዓርብ የሆስፒታሉ አስተርጓሚ ሥራዬን ጠየቀችኝ። መካኒክ መሆኔን ስነግራት «እንግዲያው ስሪናካሪን ያለውን የባቡር ገበያ ሳያዩ እንዳይመለሱ» አለችኝ። «እኛ በዕረፍት ቀናችን ስንወጣ የምንሄደው እዚያ ነው» አለች።

ታላት ሮት ፋይ ይሉታል። ታላት ገበያ ነው። ሮት ፋይ ባቡር ነው፤ ቃል በቃል ሲፈታ «የእሳት ተሽከርካሪ» ማለት ነው። ገበያው መጀመሪያ የነበረው ቻቱቻክ ከሚባለው ትልቅ የቅዳሜና እሑድ ገበያ አጠገብ፣ በባቡር መሥሪያ ቤቱ መሬት ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 መሬቱ ለአዲስ የባቡር መስመር ተፈለገ። ነጋዴዎቹ ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ ከተማዋ ምሥራቅ፣ ሲኮን ስኩዌር ከሚባለው ትልቅ የገበያ ማዕከል ጀርባ ሄዱ። ሐዲዱ ቀረ፣ ስሙ አብሯቸው መጣ። ከመሃል ከተማ ስለሚርቅ ቱሪስቱ አይበዛበትም። ቤተሰብ፣ ተማሪ፣ ከሥራ የወጣ ሠራተኛ ነው የሚሞላው። አሁን ደግሞ ቢጫው የከተማ ባቡር እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ በዚያው መንገድ ያልፋል። ሱዋን ሉዋንግ ራማ 9 ጣቢያ ወርዳችሁ በእግር ትደርሳላችሁ። እኔ ስሄድ የሚከፈተው ከሐሙስ እስከ እሑድ፣ በእኛ ሰዓት ከ11 ጀምሮ ነበር።

መግቢያው ላይ ቲሸርትና የስልክ ሽፋን ነው። እለፉት። አሮጌው ዕቃ ያለበት ጋ ስትደርሱ ግን ቀስ በሉ። ረጃጅም የአሜሪካ መኪኖች፣ ቬስፓ፣ የድሮ ቤንዚን መቅጃ፣ የፀጉር ቤት ወንበር፣ ባለ አምፖል ሬዲዮ፣ እንዳለ የቆመ ቮልስ። ቮልሷ ፊት ስቆም ጉሮሮዬ ተያዘ። ሙያ ያስተማሩኝ ሰውዬ የተዉልኝን ቮልስ በ1994 ዓ.ም. በኪሎ ሸጫለሁ። ጋራዡ ጠቦ ነበር፤ ቁርጥራጭ ብረት ገዢዎች መጡ፣ ጭነው ሄዱ። ሞተሯን እንኳ አንድ ቀን ከፍቼ አላየሁትም። እናንተ እንዲህ እንዳታደርጉ ነው ይህን ሁሉ የምለው።

የምትገዙ ከሆነ ዓይናችሁን ክፈቱ። ሆን ተብሎ እንዲያረጅ የተደረገ ዕቃ በየገበያው አለ። እጅ የሚነካውን ቦታ እዩ። መያዣው፣ ማዞሪያው፣ የመሳቢያው ጠርዝ ከሌላው ይበልጥ ካልተበላ ተጠራጠሩ። እውነተኛ እርጅና ሁሉም ጋ እኩል አይደርስም። ገልብጡና ሥሩን ተመልከቱ። ፊቱ ዝጎ ብሎኑ የሚያበራ ከሆነ መልሳችሁ አስቀምጡት። ዋጋ ስትጠይቁ «ታው ራይ»፣ ቀንሱልኝ ለማለት «ሎት ዳይ ማይ» በሉ፤ በፈገግታ። ድምፅ ከፍ ማድረግ እዚያ ነውር ነው። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ባለቤቱን አስፈቅዱ።

ስለ ምግብም ልንገራችሁ፣ የአገራችን ሰው በዚህ ሲቸገር አይቻለሁና። እንፋሎት እየወጣው የተቆለለ የአጥንት ሾርባ ታያላችሁ፤ የአሳማ ጀርባ አጥንት ነው። «ማይ አው ሙ» ካላችሁ አሳማ አልፈልግም ማለት ነው። ጾም ላይ የሆነ ሰው ቢጫ ጨርቅ ላይ በቀይ የተጻፈ ምልክት ይፈልግ። ከሩቅ 17 ቁጥር ይመስላል፣ «ጄ» ተብሎ ይነበባል። ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተት የሌለበት ነው። ሙስሊም ልጆቼ ደግሞ የሐላል ምልክት አታጡም።

ከሁሉም ያልረሳሁት አንድ ልጅ አለ። ሃያ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። ከአንድ ሱቅ በር ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጦ የቮልስ ካርቡራተር ይፈታል። እያንዳንዱን ብሎን የሚያስቀምጠው በእንቁላል ካርቶን ጉድጓዶች ውስጥ ነው። በፈታበት ቅደም ተከተል፣ ከግራ ወደ ቀኝ። በጥርስ ብሩሽ ያጥባል፣ ቀጭኗን ቀዳዳ ወደ መብራት አንስቶ ያያል፣ እፍ ይልባታል። ቆሜ ሳየው «ሉንግ» አለኝና ባትሪ አቀበለኝ። ሉንግ በእነሱ አጎት ነው፤ እኛ ጋሼ እንደምንለው። እኔ አበራሁለት፣ እሱ ሠራ። ቋንቋ አልነበረንም። አንድ ብሎን ቦታዋን ስትስት በጣቴ አሳየሁት፣ ሳቀና እጁን ደረቱ ላይ ገጥሞ አንገቱን ዝቅ አደረገልኝ። ሲጨርስ ወደ ቮልሷ ጀርባ ወስዶ ገጠመው። የማስነሻ ቁልፉን ሁለት ጊዜ አዞረ። በሦስተኛው ተነሳች። ያንን የቮልስ ድምፅ ከሰማሁ ሃያ ዓመት አልፎኝ ነበር።

ንግዳችሁን ንገዱ፣ አልከለክልም። ግን ከአምስቱ ቀን አንዱን ማታ ለዚህ ስጡ። ሻንጣ ሳትይዙ ሂዱ። የሚጠግን ሰው ስታገኙ ቁሙ፣ ባትሪ ያዙለት፣ ይህ ምንድን ነው ብላችሁ በጣት ጠይቁ።

እኔ ከተመለስኩ በኋላ ሦስት ቅዳሜ ምናለሽ ተራ ተመላለስኩ። በሦስተኛው ከዝገት ክምር ሥር አንድ የቮልስ ካርቡራተር አገኘሁ። ሻጩ ምን እንደሆነ አያውቅም ነበር፤ ነገርኩትና የጠየቀኝን ከፈልኩ። አሁን ጋራዡ ጠረጴዛ ላይ ነው። ገና አልፈታሁትም። ቅዳሜ ከሰዓት የምትመጡ ካቻቢቴ አታምጡ፣ እኔ ጋ አለ። የእንቁላል ካርቶን ግን ይዛችሁ ኑ።