አዲስ ግራፊክስ ካርድ ሲወጣ ተፎካካሪውን መጠበቅ የሚያዋጣው መቼ ነው?

ጠያቂያችን «አዲሱን የኤንቪዲያ ካርድ እንደወጣ ልግዛ ወይስ ኤኤምዲ የራሱን እስኪያወጣ ልታገሥ?» ብለዋል። ሁለቱም የኮምፒውተርን ምስልና ቪዲዮ የሚያቀናብረው የግራፊክስ ካርድ ቺፕ የሚያወጡ ተፎካካሪ ኩባንያዎች ናቸው። ለቪዲዮ አርታኢዎች ኮምፒውተር ስለምገጣጥም አዲስ ካርድ በወጣ ቁጥር ይህ ጥያቄ ይቀርብልኛል። መልሴ፣ መጠበቅ የሚጠቅመው ተፎካካሪው ጥሩ ካርድ ስላለው ሳይሆን በብዛት ማምረት ሲችል ነው የሚል ነው።

እ.ኤ.አ. በ2019 መጠበቅ ጠቅሟል። ኤኤምዲ አርኤክስ 5700 ኤክስቲ የተባለውን ካርዱን በ449 ዶላር እንደሚሸጥ ካስታወቀ በኋላ ኤንቪዲያ በጁላይ መጀመሪያ «ሱፐር» የተባሉትን የተሻሻሉ ካርዶቹን ይፋ ሲያደርግ፣ ኤኤምዲ ሽያጩ ሊጀመር ሁለት ቀን ሲቀረው ዋጋውን ወደ 399 ዶላር አወረደ። ዕቃው ስለነበረ ፉክክሩ በቀጥታ የገዢውን ኪስ ጠቀመ።

በ2020 ግን ነገሩ ተገላበጠ። የኤንቪዲያው አርቲኤክስ 3080 ሴፕቴምበር 17 ቀን በ699 ዶላር ሲወጣ ካርዱን ቅርጫት ውስጥ አስገብተው የክፍያ ቁጥራቸውን እስኪሞሉ ድረስ ገጹ «አልቋል» ይላቸው የነበሩ ብዙ ናቸው። በኖቬምበር የኤኤምዲ 6800 ኤክስቲ በ649 ዶላር ሲመጣ ያረጋጋዋል ብለው የጠበቁትም ያንኑ አገኙ። ኤኤምዲ ካርዶቹን ያሠራበት የነበረው የታይዋኑ ቺፕ አምራች ቲኤስኤምሲ የ7 ናኖሜትር (ደቃቅ ቺፖች የሚሠሩበት) መስመር በዚያው ወቅት የኤኤምዲን የራይዘን ፕሮሰሰሮች እንዲሁም የፕሌይስቴሽን 5ን እና የአዲሱን ኤክስቦክስ ቺፖች ያመርት ስለነበር፣ ለግራፊክስ ካርድ የተረፈው ድርሻ ጠባብ ነበር። ኤንቪዲያ በሳምሰንግ ፋብሪካ ቢያሠራም፣ በወረርሽኙ ቤት የዋለው ሕዝብና የኢቴሪየም ማይኒንግ (ኢቴሪየም የተባለውን ዲጂታል ገንዘብ ለማግኘት ካርዶችን ማሠራት) ፍላጎቱን ከአቅርቦቱ በላይ አድርገውት ነበር። ይህ ጫና በ2022 እየላላ ሄደ፤ ኢቴሪየም በሴፕቴምበር 2022 ማይኒንግን ሲተው ደግሞ የኢቴሪየም ማይኒንግ ፍላጎት አበቃ። በእኔ እምነት በዚያ ዘመን ካርዱን በታወጀው ዋጋ ያገኘ ሰው ምንም ሳያመነታ መግዛት ነበረበት።

የ2025ቱ ከሁለቱም ይለያል። የኤንቪዲያው አርቲኤክስ 5070 ቲአይ በፌብሩዋሪ በ749 ዶላር ሲወጣ፣ ኤኤምዲ ከጃንዋሪ ጀምሮ ወደ መደብሮች ያስገባውን 9070 ኤክስቲ አቆይቶ ማርች 6 ቀን በ599 ዶላር ለቀቀው። ክምችት ስለነበረው በመጀመሪያው ቀን ብዙዎች አገኙ፤ ከዚያ በኋላ ግን በ599 የሚሸጡት ሞዴሎች ቶሎ አልቀው መደርደሪያው ላይ የቀሩት ውዶቹ ነበሩ። ስለዚህ የታወጀውን ዋጋ ብቻ ሳይሆን፣ በዚያ ዋጋ የሚሸጠው ሞዴል የትኛው እንደሆነና መደብሩ ምን ያህል እንደተቀበለ ይጠይቁ።

የእርስዎ ካርድ ሜሞሪው 6 ጊጋባይት ሆኖ የ4ኬ (እጅግ ጥራት ያለው ቪዲዮ) ሥራ ላይ እንደሚቆምብዎ ጽፈዋል። የኤኤምዲው መውጫ ቀን ታውቆ ከአንድ ወር ያልበለጠ ከሆነና ዕቃው ቀድሞ መደብር ከገባ ይጠብቁ፤ ቀኑ ካልታወቀ ግን የኤንቪዲያውን በታወጀው ዋጋ ባገኙበት ዕለት ይግዙ። ገዝቶ በጭማሪ መልሶ ለሚሸጥ ሰው ግን አይክፈሉ፤ በዚያ ዋጋ ብዙ ጊዜ የበላዩን ደረጃ ካርድ ከመደብር፣ ያውም ከነዋስትናው ያገኛሉ።