ናሙና መውሰድም ቀዶ ሕክምና ነው

ለአጥንት ቀዶ ሕክምና ለምትሠለጥኑ ልጆቼ፣

ብዙዎቻችሁን የሚማርካችሁ የመገጣጠሚያ ቅየራ እንደሆነ አውቃለሁ። እውነት አላችሁ፤ ለዓመታት ያነከሰ ሰው በማግስቱ ቆሞ ሲራመድ ማየት ትልቅ ደስታ ነው። እዚያም ቢሆን ጥንቃቄው ከቢላው ይቀድማል። አንቲባዮቲኩ ቆዳው ከመቀደዱ በፊት ባሉት 60 ደቂቃዎች ውስጥ ይሰጥ። የበሰበሰ ጥርስ ወይም እግሩ ላይ ያልዳነ ቁስል ያለበት ሰው ያ ሳይታከም ጠረጴዛ ላይ አይውጣ፤ በተተከለው ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ብረት ላይ አንዴ የተጣበቀ ጀርም በመድኃኒት ብቻ በቀላሉ አይለቅም።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን እንደ ቀላል ነገር ለጀማሪ የሚተወው ሥራ ነው፤ ከአጥንት ዕጢ ናሙና መውሰድ።

የ15 ዓመት ልጅ ከጉልበቱ በላይ አብጦ መጣ እንበል። ኳስ ሲጫወት ወድቋል፣ ወጌሻ አሽቶታል። መውደቁን ሰምታችሁ አትርኩ። «ሌሊት ይቀሰቅስሃል?» ብላችሁ ጠይቁት። በእረፍት የማይሻል፣ ሌሊት የሚብስ ሕመም ካለው ኤክስሬይ ሳይነሣ አይሂድ። ፊልሙ ላይ የአጥንቱ ሽፋን ተነሥቶ ሦስት ማዕዘን ከሠራ፣ ወይም እንደ ፀሐይ ጨረር የተበተነ መስመር ከታየ ኦስቲዮሳርኮማን፣ ማለትም የአጥንት ካንሰርን፣ ጠርጥሩ።

ያኔም ለቢላው አትቸኩሉ። አስቀድሞ አጥንቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ በኤምአርአይ ይታይ፤ ናሙና ከተወሰደ በኋላ ደሙና እብጠቱ ምስሉን ያደበዝዙታል። ሳንባውም በሲቲ ስካን ይታይ፤ በሽታው አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራጨው ወደዚያ ነው።

መርፌው ወይም ቢላው ያለፈበት መንገድ ሁሉ በካንሰር እንደተበከለ ይቆጠራል፤ በዋናው ቀዶ ሕክምና ከዕጢው ጋር ተቆርጦ መውጣት አለበት። ስለዚህ ቅዱ በእግሩ ቁመት አቅጣጫ ይሁን፣ አግድም ከቶ አይሁን። በሁለት ጡንቻዎች መካከል ሳይሆን በአንዱ ጡንቻ ውስጥ እለፉ። መገጣጠሚያውን አትክፈቱ፣ ከዋናው የደም ሥርና ነርቭ ራቁ። ቶርኒኬት (ደም እንዳይፈስ እግሩን የሚያጠብቅ ማሰሪያ) ካሰራችሁ እግሩን ከፍ አድርጉ እንጂ በላስቲክ ጠቅልላችሁ አትጭመቁ። ቁስሉን ከመዝጋታችሁ በፊት ቶርኒኬቱን ፍቱና ደሙን አቁሙ፤ የተጠራቀመ ደም የዕጢውን ሴል ይዞ በሥጋው መካከል ይሠራጫል። ማፍሰሻ ቱቦ ካስፈለገ በቅዱ መስመር፣ ከጫፉ አጠገብ ይውጣ፤ ጎን ለጎን የወጣ ቱቦ ሌላ የተበከለ መንገድ ይከፍታል። ከናሙናው ከፊሉን ለጀርም ምርመራ ላኩ፣ የአጥንት ኢንፌክሽን ዕጢ ይመስላልና። ናሙናውን በማይክሮስኮፕ ለሚመረምረው የፓቶሎጂ ባለሙያ ደግሞ ኤክስሬዩን አብራችሁ ስጡት።

አሜሪካዊው የአጥንት ቀዶ ሐኪም ሄንሪ ማንኪንና ባልደረቦቹ በ1982 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ከ329 ሕመምተኞች 4.5 በመቶው በናሙና አወሳሰድ ችግር ሳቢያ ሊድን ይችል የነበረ እጅ ወይም እግር አጥተዋል። ስህተቱ የበዛው ናሙናው ዋናው ሕክምና ከማይሰጥበት ቦታ ሲወሰድ ነበር። ዕጢውን የምታወጡት እናንተ ካልሆናችሁ ልጁን ናሙና ሳትወስዱ ላኩት።

የምታወጡትም እናንተ ከሆናችሁ፣ የዋናውን ቀዶ ሕክምና መስመር ቆዳው ላይ በቀለም አስምሩ። የናሙናው ቅድ እዚያው መስመር ላይ ካልዋለ ቢላውን አስቀምጡና የሚበልጣችሁን ሐኪም ጥሩ።