«ተከፍሏል» የተባለው ጉርሻ፤ የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሠላሳ አራት ዓመት በመምህርነት አገልግዬ ጡረታ የወጣሁ የባሕር ዳር ነዋሪ ነኝ። አሜሪካ የምትኖረው ልጄ ከባለቤቷ ጋር ሆና በመጪው ታኅሣሥ ከማያሚ ተነሥቶ ወደ ካሪቢያን ደሴቶች በሚሄድ የመዝናኛ መርከብ ሰባት ሌሊት ልታንሸራሽረኝ ትኬት ቆርጣለች። ስለ ጉዞው ስንጫወት «እዚያ ለአስተናጋጆች ጉርሻ ስንት ይሰጣል?» ብዬ ብጠይቃት «እማዬ፣ እሱ ተከፍሏል፤ አንቺ ምንም እንዳታስቢ» ብላ ዘጋችኝ። እኔ ግን ሰባት ሌሊት ሙሉ ሲያበላኝ የከረመን ሰው በባዶ እጄ አመስግኜ መነሣት አልሆን አለኝ። በዚያ ላይ ወቅቱ ጾመ ነቢያት ስለሆነ ሰውየውን በጾም ምግብ ማስቸገሬ አይቀርም። በገንዘብ ፈንታ ግማሽ ኪሎ የዘጌ ቡና ቆልቼ ብወስድለትስ?
ጡረተኛዋ መምህርት፣ ከሽምብጥ

መልስ፦ የተከበሩ መምህርት፣ ልጅዎ እውነቷን ነው፤ የነገረችዎ ግን ግማሹን ነው። ከአሜሪካ ወደቦች የሚነሡት ትልልቅ የመዝናኛ መርከቦች አብዛኞቹ ዛሬ ጉርሻን ለእንግዳው ፈቃድ ብቻ አይተዉትም። በእያንዳንዱ መንገደኛ ላይ በቀን እየታሰበ በመርከቡ ሒሳብ ላይ ይመዘገባል፤ ወይም ልጅዎ አድርጋው ሊሆን እንደሚችለው፣ ትኬቱ ሲቆረጥ አብሮ ይከፈላል። መጠኑ ከኩባንያ ኩባንያ ቢለያይም ለተራ ካቢን በሰው በቀን ከ16 እስከ 20 ዶላር አካባቢ ነው። 18 ዶላር ነው ብንል ለሰባት ሌሊት 126፣ ለሦስታችሁ ደግሞ 378 ዶላር ይመጣል። ይህ ገንዘብ ለአንድ ሰው ኪስ የሚገባ አይደለም። ማታ ማታ ትእዛዝዎን የሚቀበለው አስተናጋጅ፣ ውኃና ዳቦ የሚያመላልሰው ረዳቱ፣ አልጋዎን የሚያነጥፈው የካቢን ሠራተኛ፣ በብዙ መርከቦችም ቡፌው አካባቢ ሳህን የሚያነሡትና እርስዎ ፊታቸውን ጨርሶ የማያዩአቸው የጓዳ ሰዎች ይካፈሉታል። እንደ ሲልቨርሲና ሲቦርን ያሉት ውድ መርከቦች ጉርሻውን በትኬቱ ዋጋ ውስጥ ያጠቃልሉታል፤ የእንግሊዙ ፒ ኤንድ ኦም እ.ኤ.አ. በ2019 የየቀኑን ክፍያ አስቀርቶ በዋጋው ውስጥ አድርጎታል። የእናንተ መርከብ የትኛውን ልማድ እንደሚከተል ልጅዎ የትኬቱን ማረጋገጫ ከፍታ ብታሳይዎ በአንድ መስመር ይገኛል።

እንግዲህ «ተከፍሏል» የተባለው ገንዘብ፣ ስሙ ጉርሻ ይሁን እንጂ፣ ለእነዚህ ሰዎች የገቢያቸው ዋና ክፍል ነው። አብዛኞቹ ከፊሊፒንስ፣ ከኢንዶኔዥያና ከሕንድ የመጡ ናቸው፤ ውላቸው ብዙውን ጊዜ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ወር የሚዘልቅ ሲሆን፣ በዚያ ሁሉ ጊዜ ሳምንቱን ሙሉ ይሠራሉ። እ.ኤ.አ. የ2006ቱ ዓለም አቀፍ የባሕር ሠራተኞች ስምምነት በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ የ10 ሰዓት ዕረፍት እንዲሰጣቸው ያዛል፤ ከዚያ የቀረው ሰዓት ግን እንደ ሥራው ብዛት ነው። ቁርስ ላይ እንቁላል ያቀረበው ልጅ እራት ላይ ክራባቱን አስተካክሎ ወንበር ሲስብልዎ ያዩታል።

አንድ ነገር አጥብቄ ልለምንዎ። ወደ መርከቡ የእንግዳ መስተንግዶ ክፍል ሄዶ ይህን የየቀኑን ክፍያ ማስቀነስ ወይም ጨርሶ ማስነሣት በብዙ ኩባንያዎች ይቻላል፤ «ኩባንያው ይበላበታል፤ እኔው በእጄ ብሰጠው ይሻላል» የሚሉ የእኛ ሰዎችም አጋጥመውኛል። ሐሳባቸው ቅን ነው። ነገር ግን ክፍያው ሲነሣ የሚጎዳው በእጅ የሚሰጠው የማይኖረው ሰው ነው፤ ማለትም ብርጭቆ አጣቢውና የቡፌ አጽጂው። በአንዳንድ ኩባንያዎች ደግሞ የየቀኑን ክፍያ ካስነሣ እንግዳ በእጅ የተቀበለውን ገንዘብ አስተናጋጁ ወደ ጋራው ቋት እንዲመልስ ይገደዳል፤ እንግዳው አንድን ሰው የጠቀመ መስሎት ለማንም ሳይጠቅም ይቀራል። ስለዚህ የተከፈለው እንደተከፈለ ይቆይ፤ እርስዎ የሚያስቡበት ከዚያ በላይ የሚሰጠውን ነው።

ከዚያ በላይ የሚሰጠው ግዴታ አይደለም፤ ባይሰጡ የሚያኮርፍዎ የለም። ግን እርስዎ ጾመኛ ኖት፤ እዚህ ላይ ነገሩ ይለወጣል። በመጀመሪያው ማታ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል እንደማይበሉ ይንገሯቸው። «ጾም» ቢሏቸው ምግብ ጨርሶ የማይበሉ ሊመስላቸው ስለሚችል «ቪጋን» ይበሉ፤ እሱን ሁሉም ያውቀዋል። የዓሣውንም ነገር ቁርጡን ይናገሩ፤ በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን የባሕር ዳርን የቆየ ክርክር ለፊሊፒንሳዊ አስተናጋጅ ማስረዳት ሌሊቱን ይፈጃል። ከዚያ በኋላ ብዙውን ጊዜ የሚሆነው እንዲህ ነው፤ እራት ሊያልቅ ሲል የአስተናጋጆቹ ኃላፊ የነገውን የምግብ ዝርዝር ይዞ ይመጣና ከአጠገብዎ ጎንበስ ብሎ «ይህ ሾርባ ያለ ክሬም ይሠራልዎታል፤ ይህ ያለ ቅቤ» እያለ ከእርስዎ ጋር ይመርጣል፤ ትእዛዙም ለነገ ወደ ወጥ ቤት ይተላለፋል። ስድስት ምሽት እንዲህ የደከመልዎ ሰው ልዩ ምስጋና ይገባዋል ባይ ነኝ።

መጠኑን በተመለከተ የእኔ ግምት ይኸውልዎ፦ ለሳምንቱ ለዋናው አስተናጋጅ ከ20 እስከ 40 ዶላር፣ ለረዳቱ የዚያን ግማሽ፣ ለኃላፊው ስለ ጾሙ 20 ዶላር። ረዳቱን አይርሱት። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» የሚለው የማዕድ አባባላችን የተነገረው ለጎራሹ ቢሆንም፣ ለሁለት በሚያስተናግዱት ጠረጴዛ ላይ ለአንዱ ብቻ ፖስታ መስጠት ሲያጣላ በዓይኔ አይቻለሁ። የሚሰጠውም በመጨረሻው ምሽት፣ እራቱ ካበቃ በኋላ ነው፤ በማግስቱ ጠዋት ሰው ሁሉ ሻንጣ ሲጎትት አስተናጋጅዎን ላያገኙት ይችላሉ። በየምሽቱ የተለያየ ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጡ ከሆነ ግን የመጨረሻውን ቀን ሳይጠብቁ ለዚያ ምሽት ሰው በዚያው ምሽት መስጠት ይሻላል። ፖስታ ከእንግዳ መስተንግዶው ይገኛል። ስሙን ይጻፉበትና በሁለት እጅዎ ይስጡት፤ ይህ የእኛ ወግ እዚያም ምን ማለት እንደሆነ ይገባቸዋል። ከጉዞው በኋላ ኩባንያው በኢሜይል መጠይቅ ሲልክ ልጅዎ የሦስቱንም ስም ጠቅሳ ብታመሰግን ቀላል ነገር አይደለም፤ አለቆቻቸው ያነቡታል።

ገንዘቡ ዶላር፣ በዝርዝር ኖት ይሁን። ብር እዚያ ለመታሰቢያ ካልሆነ አይጠቅምም፤ ሳንቲምም ለእነርሱ መመንዘሩ ችግር ነው።

ስለ መጠጥ ሒሳብ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ እኔ ራሴ የተሞኘሁበት ስለሆነ ነው። በመርከብ ላይ ጭማቂም ሆነ ወይን ሲያዝዙ ከ18 እስከ 20 በመቶ ጉርሻ ወዲያውኑ ይደመራል። ለፊርማ የሚቀርበው ወረቀት ላይ ጭማቂው 10 ዶላር፣ ከሥሩ በደቃቅ ፊደል 1 ዶላር ከ80፣ ድምሩ 11 ዶላር ከ80 ተብሎ ከተጻፈ በኋላ፣ ከድምሩ በታች ደግሞ «ተጨማሪ ጉርሻ» የሚል ባዶ መስመር ይጠብቅዎታል። እኔ በመጀመሪያው ጉዞዬ ባዶ ቦታ መተው ነውር መስሎኝ ሦስት ቀን ሙሉ በየመስመሩ ሁለት ሁለት ዶላር ስጽፍ ከረምኩ። ሰረዝ አድርገው ቢፈርሙ ማንም አይቀየምዎትም። ክፍያ የሚጠየቅባቸው ልዩ ምግብ ቤቶችም እንደዚሁ ናቸው።

ለካፒቴኑና ለመኮንኖቹ ጉርሻ አይሰጥም፤ እነርሱ ደመወዝተኞች ናቸው። ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የማሪታይም ተቋም ሠልጥነው በመሐንዲስነት መርከብ ላይ የሚሠሩ የከተማዎ ልጆች አሉና፣ ከሞተር ክፍል አንዱ ወጥቶ «መምህርት!» ብሎ ቢያቅፍዎ ፖስታ አያውጡ፤ ይቀየማል።

ስለ ቡናው፦ የተቆላ ቡና ይዞ ወደ አሜሪካ መግባት የተፈቀደ ነው፤ ምግብ መያዝዎን መግቢያው ላይ ማሳወቅ ብቻ አይዘንጉ። ነገር ግን የመርከብ ሠራተኛ በጠባብ ክፍል ከሌላ ሰው ጋር የሚኖር፣ ጀበና የሚጥድበት ምድጃ የሌለው ሰው ነው። ግማሹን ኪሎ ለልጅዎ ይስጧትና ለአስተናጋጁ በትንሽ እሽግ ተፈጭቶ፣ ከፖስታው ጋር ይሁን። በፖስታው ፈንታ ግን አይሁን፤ በየወሩ ለቤተ ሰቡ የሚልከው ገንዘብ ነውና።

ጥያቄ፦ አሥር ሆነን ከመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ ጋር ሞተር ጀልባ ተከራይተን ዘጌ፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ሄድን፤ ስንመለስ ሐይቁ ዳር ዓሣ በላን። ደረሰኙ ላይ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ስለነበረ አንዱ «ከዚህ ወዲያ ጉርሻ የለም» አለ፤ ሌላው 200 ብር ሳህኑ ላይ ጣል አደረገ። ለጀልባ ነጂው ግን ያሰበ አልነበረም። ማን ተሳሳተ?
ከባሕር ዳር

መልስ፦ ሦስተኛው ላይ ሁላችሁም ተሳስታችኋል፤ በእሱ ልጀምር። የጀልባው ኪራይ የጀልባው ነው፤ ጀልባው ደግሞ ብዙ ጊዜ የነጂው አይደለም። ገደሉን ወጥታችሁ የቤተ ክርስቲያኑን ሥዕል ስታዩ፣ ቡና ስትጠጡና ፎቶ ስትነሡ እሱ ወደቡ ላይ ጀልባውን ይዞ ይጠብቃል፤ ከሰዓት በኋላም ነፋስ ተነሥቶ ጣና ሲናወጥ የሚመልሳችሁ እሱው ነው። ዓሣ ቤቱ ደርሳችሁ «ና አብረን እንብላ» ብላችሁት ከሆነ መልካም አድርጋችኋል፤ ግብዣ ግን ጉርሻን አይተካም። ከአሥራችሁ ከያንዳንዳችሁ ጥቂት ብር ሰብስቦ፣ ሰው ሳይሰማ፣ ከጀልባው ስትወርዱ በእጁ መስጠት ነበር የሚገባው።

የደረሰኙ ጉዳይ ግን ያከራክራል። 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ የመንግሥት ነው፤ እሱን የአስተናጋጅ ድርሻ የሚያደርግ ሰው ስላለ ልጥቀሰው። 10 በመቶው የአገልግሎት ክፍያ ለሠራተኞች የሚከፋፈልበት ቤት አለ፤ ከጠቅላላው ገቢ ጋር የሚቀላቀልበት ቤትም አለ። የትኛው እንደሆነ አስተናጋጇን በሌላ ሰው ፊት መጠየቅ እሷን ማስጨነቅ ነው። ሒሳብ ስትከፍሉ ካሸሩን ቀስ ብሎ «ይህ ለልጆቹ ይደርሳል?» ማለት ይቻላል። ካልደረሰ፣ ወይም ካሸሩ ዓይኑን ከሰበረ፣ 200 ብር የጣለው ባልደረባችሁ ልክ ነው። ከደረሰም አልተሳሳተም፤ አሥር ሰው ያዘዘውን ኮተሌት፣ ጎላሽና ዱለት ሳታሳስት ያቀረበች አስተናጋጅ 200 ብር አይበዛባትም።

ጥያቄ፦ ሐይቁ ዳር ባለ መዝናኛ አስተናጋጅ ነኝ። ደንበኞች ጥሬ ገንዘብ መያዝ ትተዋል። «ጉርሻሽን በቴሌብር ልላክልሽ፤ ቁጥርሽን ንገሪኝ» ይሉኛል። ቁጥሬን ከሰጠሁ ማታ መደወል ይጀምራሉ፤ ካልሰጠሁ ጉርሻው ይቀራል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እኅቴ፣ ቁጥርሽን አትስጪ። ለአለቃሽ ብቻሽን ሳይሆን ከባልደረቦችሽ ጋር ሆናችሁ አንድ ነገር ጠይቁ፤ ለጉርሻ ብቻ የሚውል፣ በማንም አስተናጋጅ ስም ያልሆነ የቴሌብር መቀበያ ኮድ ታትሞ ሒሳቡ በሚቀርብበት ማኅደር ውስጥ ይለጠፍ፤ የገባው ገንዘብም በየማታው ፈረቃ ሲለቀቅ በሁላችሁ ፊት ተቆጥሮ ይከፋፈል። አለቃሽ እምቢ የሚልበት ምክንያት አይታየኝም። እስከዚያው ግን ደንበኛው ሲጠይቅሽ «ከሒሳቡ ጋር አብረው ይክፈሉት፣ ካሸር ይሰጠኛል» በይው። ስልክሽን ብቻ ፈልጎ የነበረ ከሆነ እዚያው ላይ ዝም ይላል።