ከ50 በኋላ ሰው ከየት ይገኛል ላልሽው

እህቴ፣ «52 ዓመቴ ነው፣ ከተፋታሁ 4 ዓመት ሆነኝ፣ በዚህ ዕድሜ ሰው ከየት ይገኛል? ልጆቼስ ምን ይሉኛል?» ያልሽውን አንብቤ ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ። እኔ 57 ነኝ። ባለቤቴ ካረፈ 6 ዓመቱ።

እኔ መጀመሪያ የሮጥኩት ወደ መተዋወቂያ መተግበሪያ ነው። መጥፎ ነው አልልሽም፣ እዚያ ተገናኝተው የተጋቡ አውቃለሁ። እኔን ያገኘኝ ግን ባሕር ላይ ነዳጅ የሚያወጣ መሐንዲስ ነኝ ባይ ነው። ጠዋት ማታ «እንዴት አደርሽ፣ ምሳ በላሽ ወይ» ይለኛል። ስንት ዓመት እንደዚያ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፣ ልቤ ቀለጠ። በቪዲዮ እንተያይ ስለው ካሜራው ሁልጊዜ ብልሽት ነው። በ3ኛው ሳምንት «ደመወዜ ተያዘብኝ፣ ትንሽ ገንዘብ ላኪልኝ» አለ። ልልክ ስል ልጄ ፎቶውን ጉግል ላይ ፈለገችና የሌላ ሰው ሆኖ ተገኘ። ያን ቀን ያፈርኩትን እኔ ነኝ የማውቀው። በአካል ያላየሽው ሰው ገንዘብ ከጠየቀሽ ምክንያቱን እንኳ አትስሚ፣ ዝጊው።

ከዚያ በኋላ ባል መፈለጉን ተውኩና በሳምንት ሁለት ቀን፣ አንድ አንድ ሰዓት የሚሄድ የእግር ጉዞ ቡድን ገባሁ። ሁለት ወር ሙሉ ከሰላምታ አላለፍንም፣ ልተወው ነበር። ኋላ ግን የካንሳስ ዩኒቨርሲቲው ጄፍሪ ሆል እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣውን ጥናት አነበብኩ። ተራ ጓደኛ ለመሆን ወደ 50 ሰዓት፣ የልብ ጓደኛ ለመሆን ደግሞ ከ200 በላይ አብሮ ማሳለፍ ይፈልጋል ይላል። እኔ ገና 16 ሰዓት ላይ ነበርኩ እኮ! አሁን አብሮኝ ካለው ሰው ጋር የምር ማውራት የጀመርነው በ8ኛው ወር ነው፣ ያውም የጫማዬ ክር ተፈትቶ እሱ ብቻ ቆሞ ስለጠበቀኝ።

ስለ ልጆችሽ፣ የእኔው ትልቁ ሁለት ወር አኩርፎኛል። ኋላ ኩርፊያው ለቀቀው። ፈቃድ አትጠይቂያቸው፣ ግን ከሌላ ሰው አፍ እንዳይሰሙ።

ሰው የማይነግርሽ አንድ ነገር ደግሞ አለ። የወር አበባ ቆመ ማለት ኮንዶም ቀረ ማለት አይደለም። እርግዝናው ቢቀርም ኤችአይቪና የአባላዘር በሽታ ዕድሜ አይጠይቁም። ለመናገር ከብዶኝ ነበር፣ እሱ ቀድሞኝ «አብረን እንመርመር?» አለ። ሄድን። ተራ ስንጠብቅ ግራና ቀኝ የተቀመጡት ሁሉ ልጆቻችን የሚሆኑ ናቸው፣ እኛ እንደ ጎረምሳ ስንሳሳቅ ነርሷ ሁለት ጊዜ ተቆጣችን።